ታዲያ ፍርስራሹ የታለ?

ጉዞው አለቀ። ሁለት ቀን ስንወጣና ስንወርድ ቆይተን፣ ጉልበታችን ዝሎ፣ ግማሾቻችን የገዛ ጫማችንን እየረገምን፣ ከወላይታ ሶዶ ብዙም የማይርቀው ዳልቦ ከሚባለው ቦታ ስንደርስ አስጎብኚያችን ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲህ የጉዟችን መጨረሻ እዚህ ነው። የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ የካዎ ጦና መናገሻ ይህ ነበር» አለን።

አሥራ ሁለት ነበርን። አሥራ ሁለታችንም አንገታችንን እያዞርን ፈለግን። እንሰት አየን። ባሕር ዛፍ አየን። በአጭር ገመድ የታሰረች ጊደር አየን። አንዲት ልጅ ውሃ ተሸክማ እኛን እየገረማት አለፈች። ከዚህ ሌላ ምንም አላየንም። ያኔ ነው ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ፣ ባንክ የሚሠራው ልጅ፣ ከላስቲክ ጠርሙሱ ውሃ ጎንጨት አለና «ታዲያ ፍርስራሹ የታለ?» ብሎ የጠየቀው።

ሁላችንም ሳቅን። አስጎብኚው ብቻ አልሳቀም።

እውነቱን ለመናገር ልጁ አላጠፋም። የጉዞው ማስታወቂያ «ወደ ጥንታዊ የተራራ ላይ ፍርስራሾች» ነበር የሚለው። ገንዘቡን ከፍሏል፤ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ቀኑን ሙሉ በሚኒባስ ተንገጫግጯል፤ ተረከዙም ተልጧል። ፍርስራሽ ታያለህ ተብሎ የመጣ ሰው ፍርስራሹን ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል? እኔም ብሆን በልቤ ያንኑ እየጠየቅሁ ነበር። ልዩነታችን እሱ ወጣት በመሆኑ ጮክ ብሎ መጠየቁ፣ እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት ያስተማርኩ ሰው በመሆኔ ያልገባኝን ነገር በዝምታ መሸፈን መልመዴ ነው።

ታሪክ ሲባል ዓይናችን ድንጋይ ይፈልጋል። ምን እናድርግ፣ ያደግነው እንደዚያ ነው። የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የፋሲል ግንብ፤ የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ሽፋን፣ የቢሮ ግድግዳችን ካሌንደር፣ የአየር መንገዳችን ማስታወቂያ ይኸው ነው። እነዚህ የሚያኮሩ ናቸው፤ ማንም አይክድም። ችግሩ የሚመጣው ሳናውቀው መለኪያ ስናደርጋቸው ነው። ድንጋይ ያለው ታሪክ አለው፣ ድንጋይ የሌለው «ባህል» አለው ብለን አገሩን ለሁለት ስንከፍለው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ወደ ሰሜን ስንሄድ «ታሪካዊ ጉብኝት»፣ ወደ ደቡብ ስንሄድ ደግሞ «ባህላዊ ጉብኝት» ነው የምንለው። ሰሜኑ ትናንትን፣ ደቡቡ ዛሬን ብቻ የተከፋፈሉ ይመስል።

እስቲ ከመጀመሪያው ቀን ልጀምርላችሁ።

ዳሞታ ተራራ ከሶዶ ከተማ ራስጌ የተቀመጠ ነው። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከተማዋ እግሩ ሥር ተንተርሳው ተኝታለች ማለት ይቻላል። ከላይ ሲሆኑ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ አባያ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሲያብለጨልጭ ይታያል። እኛ ግን ለእይታው ብቻ አልነበረም የወጣነው። በተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል ስፍራ አለ። ዋሻ ይሉታል እንጂ ጥልቅ ዋሻ አይደለም፤ አፉን በሰፊው የከፈተ፣ አለት እንደ ጣሪያ የከደነው መጠለያ ነው።

እዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዛቪዬ ጉተርዝ የሚመራ የፈረንሣይ የአርኪዮሎጂ ቡድን ቆፈረ። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እነ ስቲቨን ብራንትና ኤሊሳቤት ሂልደብራንድ የሚመሩት ቡድን በጥልቀት ቀጠለበት። ያገኙት ነገር ሲነግሩት ቀላል ይመስላል፤ ንብርብር አፈር፣ አመድ፣ አጥንትና ብዙ፣ በጣም ብዙ የተጠረበ ባልጩት። አስተውሎ ለሚያየው ግን ጉድ ነው። የታችኛዎቹ ንብርብሮች ዕድሜ ወደ 50,000 ዓመት ይጠጋል። የአክሱምን ትልልቅ ሐውልቶች ዘመን ሠላሳ ጊዜ ብትደራርቡት ነው እዚያ የምትደርሱት። ያኔ እዚህ አለት ሥር እሳት አንድደው፣ ባልጩት ጠርበው፣ ያደኑትን ገፈው ይበሉ የነበሩት እንደኛው ያሉ ሰዎች ናቸው። የአፍሪካ አየር እየቀዘቀዘና እየደረቀ በሄደባቸው ዘመናት ዝናብ የማይለየው ይህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ለሰው ልጅ መሸሸጊያ ሆኖ ሊሆን ይችላል የሚል መላ ምት አላቸው ተመራማሪዎቹ። መጠለያው በዚያ ዘመን ብቻም አልቀረም። ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታትም ሰው ተመላልሶበታል፤ ከእነዚያ ንብርብሮች የወጣው አጥንት በብዛት የጎሽና የሌላ የዱር እንስሳ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ሁሉ አስጎብኚያችን በደንብ፣ ሳይቸኩል ነገረን። የባንኩ ልጅ «ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ?» አለ። «የለም» አለው። «የተሠራ ነገርስ?» «የለም።» ልጁ ሴልፊውን ተነሥቶ ወጣ። አልፈርድበትም። የሚፈርስ ነገር ያልተሠራበት ቦታ ፍርስራሽ ከየት ያመጣል? እዚያ ያለው ታሪክ በዓይን የሚታይ ሳይሆን እየተነገረን የምናየው ነው። ካልተነገረን አለት ነው፤ ሲነገረን የመጀመሪያ ቤታችን ነው።

ማታ ሶዶ ላይ ሥጋ በዳጣ ቀረበልን። የወላይታን ዳጣ የቀመሰ የአዲስ አበባ ሰው ምን እንደምል ያውቃል፤ ዓይን ያስነባል፣ ጨዋታም ያመጣል። ጨዋታው ወደ ተራራው ስም ዞረ። አስጎብኚያችን ስለ ንጉሥ ሞተለሚ አነሣ። በወላይታ አፈ ታሪክ ሞተለሚ የቀደመው የወላይታ ማላ ሥርወ መንግሥት አባት፣ ኃያል ንጉሥ ነው። እኔ ሞተለሚ የሚለውን ስም ስሰማ እጄ ላይ ያለው ጉርሻ ቆመ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ! ለዓመታት ካስተማርኩት ከገድለ ተክለ ሃይማኖት ነው የማውቀው። በገድሉ ውስጥ ሞተለሚ የዳሞት ገዢ፣ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን የማረከ አረመኔ ሆኖ ይመጣል፤ በኋላም በጻድቁ ስብከት ይጠመቃል። የጥንቱ ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ ሰፊ ግዛት እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ጎጃም ውስጥ የምናውቀው ዳሞት ስሙን ያገኘው ኋላ ሕዝብ ዓባይን ሲሻገር ነው። ያ ግዛት ከዚህ ተራራ ጋር በምን ያህል ይገናኛል የሚለው አሁንም ያከራክራል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው።

ያን ገድል ሳስተምር ስለ አጻጻፉ፣ ስለ ተአምራቱ አቀራረብ፣ ስለ ግዕዙ ውበት ብዙ ብያለሁ። «ሞተለሚን አያቴ የሚለው ሰው ይኖር ይሆን? ቢኖርስ ምን ብሎ ይተርከዋል?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አንድ ሰው በአንዱ ዘንድ በብራና ላይ ባላንጣ፣ በሌላው ዘንድ በሰው አንደበት ንጉሥ ሆኖ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል። እኔ የምሰማው ብራናውን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዳልቦ እንመለስ። ፍርስራሹ ለምን የለም?

የመጀመሪያው ምክንያት ቀላል ነው። የወላይታ ነገሥታት አዳራሻቸውን የሚሠሩት ቤት በሚሠራበት ነገር ነበር፤ በእንጨት፣ በቀርከሃ፣ በሣር። አገሩ ያንን ይሰጣል። የወላይታ ባህላዊ ቤት ቁመናው እንደ ቀፎ ሆኖ ከፍ ያለ፣ ጥልፉ የሚያስቀና ነው። ግን እንጨት ይበሰብሳል፣ ሣር ይረግፋል። በየጊዜው የሚያድሰው ሰው ከሌለ ባለበት ይጠፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ነው ከባዱ። በ1887 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ጦር መርተው ወላይታ ገቡ። የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር አብረው ነበሩ። ካዎ ጦና በሰላም ግባ ቢባል እምቢ አለ። ዘመቻው በዚያ የመስፋፋት ዘመን ከተደረጉት ሁሉ እጅግ ደም ካፋሰሱት አንዱ እንደነበር ባሕሩ ዘውዴ በዘመናዊ ታሪክ መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሣዊ ከጦሩ ጋር ሄዶ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሯል። እርሻው የለማ፣ ሕዝቡ የሠፈረ አገር፤ ከዚያ የሚቃጠሉ ቤቶች፣ በመንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ፣ የሚነዳ የከብት መንጋ፣ የሚነዳ ምርኮኛ። ጦና ቆስሎ ተማረከ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰደ።

ይህን የምጽፈው አፄ ምኒልክን ችሎት ላቆም ወይም ከችሎት ላስመልጥ አይደለም። ያን የሚሠሩ ሰዎች ሞልተውናል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከዚያ ዘመቻ በኋላ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይቶ ዓድዋ ላይ ታሪክ ተሠራ። ሁለቱም የእኛ ነው። አንዱን በየዓመቱ የካቲት 23 በዘፈንና በፉከራ እናስበዋለን። ሌላውን የምንሰማው ጫማችን ተልጦ ዳልቦ ላይ ስንቆም፣ ያውም አንድ ደግ አስጎብኚ ካገኘን ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ።

በ1992 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ከሶዶ የመጣ ተማሪ ነበረኝ። ዝምተኛ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ። ጊዜው ለወላይታ ልጅ ቀላል አልነበረም። በዚያው በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ አዋሕደናል በሚል «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ ተሠርቶ መማሪያ መጽሐፍ ታትሞበት፣ ሶዶ ላይ ሕዝብ አልቀበልም ብሎ ወጥቶ ሰው ሞቷል፤ መጽሐፉም ተነሥቷል። ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን የሆነውም ከዚያ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያ ልጅ ሰው በመጽሐፍ ምክንያት ሲሞት ካየ ከተማ ነው የመጣው። ለቃል ግጥም ኮርስ የጽሑፍ ሥራ ስሰጥ እሱ በጦና ዘመን ስለነበረው ሰቆቃ የሚዜም አንድ ሙሾ ተርጉሞ፣ ተንትኖ አመጣ። ከአያቱ የሰማው ነው። አያቱ ደግሞ ከእናታቸው።

እኔ ምን አደረግሁ? በቀይ እስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ «ምንጭ?» ብዬ ጻፍኩና ሲ ሰጠሁት። ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ ምንጩን ጽፌአለሁ እኮ፤ የአያቴ ስም መጨረሻ ላይ አለ» አለኝ። «በጽሑፍ ያለ ምንጭ ነው የምልህ» አልኩት። ተረትም አከልኩበት፤ ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»። ልጁ አመስግኖኝ ወጣ። አመስግኖኝ! ሙሾ በቃል የሚነገር መሆኑን የማያውቅ የቃል ግጥም መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይታችሁ ካላወቃችሁ እነሆ እኔ።

ያቺ ተረት ውሸት አይደለችም። ግን ግማሽ ናት። ማን ነው የጻፈው፣ ማን ነው ለመጻፍ ጊዜና ብራና የነበረው፣ ማንስ ሲቃጠልበት ነበር የሚለውን አትጠይቅም። በቃል ያለው የሚረሳውም ቃል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሰሚው ሲ ስለሚሰጠው ነው።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ያው ነው። በኡጋንዳ ካምፓላ የካሱቢ መቃብር የሚባል የቡጋንዳ ነገሥታት ማረፊያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1882 የተሠራ፣ ከእንጨት፣ ከሸምበቆና ከሣር የሆነ ትልቅ ቤት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ2010 በእሳት ጋየ። ኡጋንዳውያን «አለቀ፣ ሣር ነበር» አላሉም፤ ሣር አጨዱ፣ ጥበቡን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ጠሩ፣ መልሰው ሠሩት። ጃፓኖችም ኢሴ የሚባለውን ቤተ መቅደሳቸውን በየሃያ ዓመቱ በአዲስ እንጨት እንደገና ይሠሩታል፤ ቅርሱ እንጨቱ ሳይሆን አሠራሩን የሚያውቅ እጅ ነው ብለው። በአንጻሩ የታላቋ ዚምባቡዌ ሰዎች ድንጋይ ነበራቸው፣ ያውም ግሩም ድንጋይ። ቅኝ ገዢዎች ግን «ይህን አፍሪካዊ አልሠራውም» ብለው ለፊንቄያውያንና ለንግሥተ ሳባ ሰጡት። ራንዳል ማክአይቨር በ1905፣ ጌርትሩድ ካተን ቶምፕሰን በ1929 የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑን አስረድተው እያለ እንኳ ክርክሩ ለብዙ ዓመታት አልበረደም። ስለዚህ ድንጋይ ብቻውን አያድንም። ሊያምን ያልፈለገ ሰው ድንጋይ ፊቱ ቆሞም አያምን።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። አስጎብኚያችን ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶ እንዲህ ሲል መለሰለት፦ «ድንጋይ ከፈለግህ አለን። የካዎ አማዶ ካብ አለ፤ ማዶ ዳውሮ ብትሻገር የካዎ ሐላላ አለ። ‹ኬላ› ነው የምንለው። ሌላ ጊዜ ስትመጣ አሳይሃለሁ። እዚህ ያመጣሁህ ግን የጠፋውንም እንድታየው ነው።»

ኬላ! እኛ በአማርኛ ኬላ የምንለው ቀረጥ የሚከፈልበትን፣ መኪና ቆሞ የሚፈተሽበትን ቦታ ነው። እዚህ ግን አገር የሚከበርበት፣ ጠላት የሚመለስበት ካብና ቦይ ነው። አንዲት ቃል ውስጥ ስንት ዘመን ተቀብሯል! ይህን የሚቆፍር አርኪዮሎጂስት ደግሞ እኛ የቋንቋ ሰዎች መሆን ነበረብን።

አስጎብኚው ጣቱን እያጠፈ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ጦና፣ ጎቤ፣ ዳሞታ፣ አማዶ... አንድ እጁ አልበቃውም፣ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ከጀርባው እንሰቱ በነፋስ ይንሿሿል። የባንኩ ልጅ ስልኩን አወጣ። ፎቶ ሊያነሣ መስሎኝ ነበር፤ ስሞቹን ሊጽፍ ኖሯል። «ጎቤ ነው ጎባ?» እያለ አስደገመው።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ ዳልቦ ላይ የሲሚንቶ ግንብ ሠርተን «ጥንታዊ ቤተ መንግሥት» እንበል እያልኩ አይደለም፤ ከዚህስ ይሰውረን። አንድ የሚነበብ ሰሌዳ ይብቃ። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. ለተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ከሁሉ የሚቀድመው ግን የሚያውቁትን አዛውንቶች ሳይሄዱብን መስማትና መቅዳት ነው። አለት ሌላ 50,000 ዓመት ይጠብቀናል። ሰው አይጠብቅም።

አስጎብኚያችን ቆጥሮ ሲጨርስ ምላሴ ላይ የድሮዋ ጥያቄ መጣች፤ «ምንጭህ ምንድን ነው?» ዋጥኳት። በምትኩ «ከማን ሰማኸው?» አልኩት።

«ከአያቴ ነው ጋሼ። ቤታቸው ያውና፣ ከእንሰቱ ጀርባ። ቡና ሳይጠጡ አይለቁዎትም።»

ሾፌሩ እየተነጫነጨ ሚኒባሱን አጠፋው። ሄድን። አያቲቱ በራፋቸው ላይ ሆነው «ሳሮ» ብለው እጃችንን በሁለት እጃቸው ተቀበሉን። እሳቸው በወላይትኛ ተናገሩ፤ የልጅ ልጃቸው ተረጎመ፤ የባንኩ ልጅ በስልኩ ቀዳ። እኔ ደብተሬን አውጥቼ አናቱ ላይ እንደ ልማዴ «ምንጭ» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑም የእሳቸውን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ጠይቄ አስገባሁ። ያ ሲ ግን አሁንም መዝገብ ላይ አለ።